የኮፈኑ ክብደት

ፖሊስ ስድስት ሰው ጠየቀ። ባለጋራዡን፣ ሁለቱን ቀለም ቀቢዎች፣ የበሩን ዘበኛ፣ ባለመኪናውን፣ የኢንሹራንሱን የካሳ ክፍል ሹም፤ ሁሉም ወንበር ተስቦላቸው ቃላቸውን ሰጥተው ፈረሙ። እማማ ብረቴን ግን የጠየቃቸው የለም። ማን ይጠይቃቸው! ፊደል ያልቆጠሩ፣ የኢንሹራንሱን የቁርጥራጭ ግቢ የሚጠብቁ አሮጊት ናቸው። ሰው እሳቸውን የሚያያቸው ሲያደናቅፉት ብቻ ነው።

ያን ግቢ ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቀዋል። ሥራው እንዲህ ነው። መኪና ተጋጭቶ ኢንሹራንሱ አዲስ አካል ሲያስገጥምለት፣ የተፈታው የተሰበረ ዕቃ እሳቸው ግቢ መግባት አለበት። ዕቃው ሳይመለስ መዝገቡ አይዘጋም። ጸሐፊዋ ዝርዝሩን ታነባለች፤ እማማ ብረቴ ብረቱን ያነባሉ። ከጎማ በላይ የሚቀመጠውን ፓራፋንጎ አንዱን ከሌላው፣ እናት መንታ ልጆቿን እንደምትለየው ይለያሉ። በዚያ ላይ በገባ ቁጥር ከውስጥ በኩል በሚስማር አንድ አንድ ጭረት ይጭሩበታል።

በቅርቡ አንዱ ፓራፋንጎ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣባቸው ተነሥተው ወደ ካሳ ክፍሉ ሹም ሄዱ። «ይሄ ብረት ከኔው ግቢ እየወጣ ነው ተመልሶ የሚገባው» አሉት። ሹሙ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ሳቀ።

«ፊደል ሳትቆጥሪ ቆርቆሮ ማንበብ ጀመርሽ?»

በልጃቸው ዕድሜ ያለ ሰው፣ አንቺ ብሎ!

የሰማቸው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የተጋጨ መኪና እያየ ጉዳቱን የሚተምነው የኢንሹራንሱ ገማች። መጥቶ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ፣ ጭረቶቹን በጣቱ ዳሰሰ፣ «እማማ፣ ለማንም አይንገሩ፤ እኔ ከሥሩ አጣራዋለሁ» ብሎ ሄደ። በአራተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ ሞተ።

ያውም እንዴት ያለ አሟሟት! ዘበኛው እንኳ ምሳ ወጥቶ ጋራዡ ባዶ በሆነበት ሰዓት፣ አንዲት የመንጃ ማስተማሪያ መኪና ሞተር ላይ ተደፍቶ፣ ኮፈኗ አናቱ ላይ ተከድኖበት ተገኘ። ኮፈኑን የገጠመው ደግሞ የእማማ ብረቴ አንድዬ ልጅ፣ የጋራዡ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነው። እሑድም ሥራ ነበራቸውና፣ በዚያው ቀን ሰው ሁሉ እየሰማ ገማቹን «ይሄ ኮፈን አናትህ ላይ ይውደቅ!» ብሎ ረግሞታል። ፖሊስ ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል? ልጁን አሰረ። ረቡዕ ጠዋት በሦስት ሰዓት በነፍስ ግድያ ፍርድ ቤት ሊያቀርበው ነው።

ሰኞ ከጅምሩም ለእማማ ብረቴ አልጣማቸውም ነበር። ምሳቸውን ገና ሳያጋምሱ፣ የጎረቤቱ ትምህርት ቤት የከሰዓት ደወል ሳይደወል፣ ሹሙ የማስተማሪያዋን መኪና የተፈታ ብረት በገዛ መኪናው አምጥቶ ግቢው መሀል አራግፎባቸው ሄደ። እግዜር ይስጥልኝ የለ፣ እንደምን ዋልሽ የለ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው የልጃቸው መታሰር የተነገራቸው።

ማክሰኞ ሲነጋ እማማ ብረቴ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ነበሩ። ልጃቸው በፍርግርጉ ወዲያ ማዶ ቆመ። ሌሊቱን ያላንቀላፋ ዓይን ነበረው።

«እማዬ፣ ተይው።»

«ምኑን ነው የምተወው? አንገትህን?»

«ባለጋራዡ ጠበቃ አቆምልሃለሁ ብሏል። የኮፈኑን መደገፊያ ዘንግ በደንብ አላሰርኩትም ይሆናል በል፣ በቸልተኝነት ጥቂት ዓመት ብትታሰር ነው አለኝ።»

«አንተ ዘንግ ሳታስር ትቀራለህ? ጡት ስትጥል መፍቻ የያዝክ ልጅ?»

በጣቱ የፍርግርጉን ዝገት ፋቀ።

«ከሟችስ ጋር ምን አጣላህ?»

«ኮፈኑ አልገጠመም፣ ጎኑ ተንጋዷል፣ ፍታና ድገመው አለኝ። ሦስት ጊዜ ፈትቼ ገጥሜዋለሁ፣ እማዬ። ደከመኝ። አፌ አመለጠኝ።»

እማማ ብረቴ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት። የዚህ ልጅ እጅ ቆርቆሮን እንደ ጨርቅ ያጥፋል። ኮፈን ሦስት ጊዜ ፈትቶ ማስተካከል ሊያቅተው? ዓይኑ ከዓይናቸው ሸሸ። እናት ናቸውና፣ የሚደብቀው ነገር እንዳለ ያን ጊዜውኑ አወቁ።

«ነገ በሦስት ሰዓት ነው የሚወስዱኝ» አለ።

«እኔ ሳልሞት አይወስዱህም» አሉና ፊታቸውን አዙረው ወጡ። መንገዱን ተሻገሩ። ግንብ ይዘው ትንሽ ቆሙ፤ ያለቀሱትን ያየ ሰው አልነበረም፤ እንኳንም አልነበረ።

ጋራዡ ሲደርሱ መርማሪው ፖሊስ ብቻውን መኪናዋን ይዞር ነበር። ቀጠን ያለ፣ ማስታወሻ ደብተሩን እንደ ጸሎት መጽሐፍ ደረቱ ላይ የያዘ ጎልማሳ ነው።

«እማማ፣ እዚህ መግባት ክልክል ነው።»

«ልጄን አስረህ እኔን ትከለክላለህ? ስድስት ሰው ጠይቀሃል አሉ። ሰባተኛዋ እኔ ነኝ። ጠይቀኝ።»

«እርስዎ በቦታው አልነበሩም እኮ።»

«አንተስ ነበርክ?»

መርማሪው ሊስቅ ምንም አልቀረው። እማማ ብረቴ ግን አላዩትም፤ መኪናዋ ላይ አፍጥጠው ነበር። ትንሽ ነጭ መኪና ናት። ኮፈኗ ላይ «ለማጅ» የሚል ምልክት አለ፤ አራቱም ማዕዘኑ በፕላስተር ተለጥፏል። እማማ ብረቴ ፕላስተሩን በጣታቸው ነካ አደረጉት። ከዚያ ኮፈኑን በጣታቸው አንጓ አንኳኩት። ብረት ሲመታ ይጮኻል፣ ጩኸቱም ቶሎ አይሞትም። ይሄ ግን እንደ ባዶ ካርቶን «ዱብ» ብሎ ቀረ።

«ክፈተው» አሉ።

መርማሪው ከፈተና በዘንጉ ደገፈው። እማማ ብረቴ ጎንበስ ብለው ጭንቅላታቸውን ሟች የተገኘበት ቦታ አስገቡ።

«ዘንጉን ምታው።»

«እማማ! ምን ሆነዋል?»

«ሐኪሙ በምን ሞተ አለ?»

«ከኋላ፣ ረዘም ባለ ቀጥ ያለ ጠርዝ፣ በአንድ ምት። የኮፈኑ ጠርዝ ነው ብለን ነው።»

«እንግዲያው ምታው። ካልመታኸው እኔ እመታዋለሁ» አሉና፣ እጃቸውን ሰደው ዘንጉን አፈናጠሩት።

ኮፈኑ ወረደ። መርማሪው ጮኸ። እማማ ብረቴ ግን ከሥሩ ቀጥ ብለው ወጡ፤ ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«ሞትኩ?»

መርማሪው ቀረበ። ኮፈኑን በሁለት ጣቱ አነሣው፣ ዝቅ አደረገው፣ ደግሞ አነሣው። ለመጀመሪያ ጊዜ እጁ ላይ ያለውን ነገር ልብ አለው።

«ፋይበር ነው፣ የፕላስቲክ ዘር» አሉት። «ፎርጅድ። ይሄ ዶሮም አይገድልም። ሰውየው በሌላ ነገር ተመትቶ ነው እዚህ የተደፋው። አሁን ሰዎቹን ጥራልኝ። የሚጠየቁትን እኔ ልጠይቅ፣ አንተ ጻፍ፤ መጻፉን ትችልበታለህ።»

ባለጋራዡ በመሐረብ አንገቱን እየጠረገ መጣ።

«ኮፈኑ ምንድን ነው?» አሉት።

«ኦሪጅናል ነዋ፣ እማማ። ኢንሹራንሱ የከፈለው የኦሪጅናል ነው። ደረሰኝም አለኝ።»

«ደረሰኙን አላንኳኳሁትም። ኮፈኑን ነው ያንኳኳሁት። ማግኔት ላስመጣ?»

ባለጋራዡ መርማሪውን አየ፣ መሬቱን አየ። «እማማ፣ ጉሮሮዬን አይዝጉብኝ። ዕቃው ስለተወደደ ነው...»

«ጉሮሮህን ሳይሆን የልጄን ጉሮሮ ነው የምጠይቅህ። ፋይበር መሆኑን ማን ያውቃል?»

«እኔና ልጅዎ ብቻ። የእሱ እጅ ነው የገጠመው፤ ሥራህን ከፈለግህ አፍህን ዝጋ ብዬዋለሁ።»

እማማ ብረቴ አንድ ነገር ሊናገሩ ጀምረው ተውት። ይህኛው ነገር ሌላ ጊዜ አለው።

ቀጥሎ ባለመኪናው መጣ፤ የመንጃ አስተማሪ ነው፣ ቁጣው አፍንጫው ላይ።

«ይሄን ፕላስተር ማን ለጠፈው?»

«እኔ ነኛ! ምልክቱ ማግኔት ነው፤ ድሮ በራሱ ይይዝ ነበር። እሑድ መኪናዬን ላይ ብመጣ ሁለት ጊዜ ተንሸራቶ ወደቀ። ለባለጋራዡ ብነግረው ‹ዘንድሮ የሚመጡት ኮፈኖች እንዲህ ናቸው› አለኝ። ቆርቆሮና ፋይበር የማልለይ መሰልኩት።»

«ለምን ዝም አልክ?»

«እኔም ንጹሕ አይደለሁማ» አለ፣ ድምፁ ወረደ። «ከግጭቱ በፊትም መኪናዬ የለበሰችው ፋይበር ነበር፤ ርካሽ ብዬ ያስለጠፍኩት። ገማቹ አይቶ ‹ይሄ ውልህ ላይ የለም፣ የኦሪጅናል ዋጋ አይገባህም› አለኝ። ተጣላን። በኋላ ግን ከላይ በኦሪጅናል ጸደቀልህ ተባልኩ። የመጣ ሲሳይ ይመለሳል?»

«ሰኞ ምሳ ሰዓት የት ነበርክ?»

«በሌላኛዋ መኪና ተማሪ ሳስነዳ። ስሟን ለፖሊሱ ሰጥቻለሁ።»

«እውነት ነው፣ ልጅቷን አግኝቻታለሁ» አለ መርማሪው።

እማማ ብረቴ አንድ የተጋደመ ጎማ ላይ ተቀመጡ።

«ያ ሹም ምን ብሎሃል?» አሉት መርማሪውን።

መርማሪው ደብተሩን ገለጠ። «ሰኞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከቢሮው አልወጣም። ጋራዡን የረገጠው እሑድ ብቻ ነው፤ ሥራው እንዲፋጠን ለመንገር። ልጅዎ ሲራገም የሰማው ያን ጊዜ ነው።»

«ፈርሟል?»

«ፈርሟል።»

«እሰይ» አሉ እማማ ብረቴ። «ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ሁሉንም እዚሁ ሰብስብልኝ። ልጄንም አምጣው። ካልሆነልኝ ነገ እኔንም ከሱ ጋር አስረህ ውሰደኝ፤ ቤቴ ባዶ ከሚጠብቀኝ እሱ ይሻለኛል። እስከዚያ ግን ከኔ ጋር ግቢዬ ድረስ ትመጣለህ። የማሳይህ ብረት አለ።»

በዘጠኝ ሰዓት ሁሉም መኪናዋን ከበው ቆሙ። ባለጋራዡ በአንድ ወገን፣ አስተማሪው በአንድ ወገን። ሹሙ ክራቫቱን አጥብቆ፣ ሰዓቱን በየደቂቃው እያየ። የእማማ ብረቴ ልጅ እጁ በካቴና፣ ዓይኑ መሬት ላይ።

«ይህች ሴትዮ እዚህ ምን ታደርጋለች?» አለ ሹሙ።

«ጉልበት አጥታ ነው» አሉ እማማ ብረቴ። «ኮፈን ማንሣት አቅቷታል። እስቲ እርዱኝ። አንተ ና» አሉት ባለጋራዡን።

ባለጋራዡ በግራ እጁ ከፍ አድርጎት መለሰው። አስተማሪው ተጠራ፤ እሱም እያጉረመረመ በአንድ እጁ አነሣውና ጣለው።

«አሁን አንተ፣ ጌታው።»

ሁለቱ ሲያነሡ ሰዓቱን ያይ የነበረው ሹም ቀና ብሎ ሳቀ። ሆኖም መርማሪው ሲያየው ኮቱን ሰበሰበ፣ እግሩን አንፈራጠጠ፣ ወገቡን አጸና፣ በሁለት እጁ ጠርዙን ጨብጦ ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ላይ ሳበ። ኮፈኑ እንደ ወረቀት ተወረወረ። ሹሙ ተንገዳግዶ ወደ ኋላው ሄደና ባለጋራዡ ላይ ወደቀ።

ማንም አልሳቀም።

«እግዚአብሔር ያሳያችሁ» አሉ እማማ ብረቴ፣ ከተቀመጡበት ጎማ ተነሥተው። «ሟች በዚህ ኮፈን አልሞተም፤ ትላንት ሰው ገደለ የተባለው ዛሬ አናቴ ላይ ወርዶ ሻሼን እንኳ አላበላሸም። ገዳዩ ሰውየውን በሌላ ነገር መትቶ፣ ሞተሩ ላይ ደፍቶ፣ ዘንጉን መትቶ ሄደ። ዞሮም አላየ። ‹ኮፈኑ ገደለው፣ ቀጥቃጩ ረግሞታል› እንዲባል። መልካም። ግን እንዲህ ብሎ የሚያስበው ማን ነው? ኮፈኑ ከባድ ነው ብሎ የሚያምን ሰው! ልጄ ፋይበር መሆኑን ያውቃል፤ በእጁ ገጥሞታል፤ ያልገጠመለትም ፎርጅድ ስለሆነ ነው። ባለጋራዡ ያውቃል፤ እሱ ነው የገዛው። አስተማሪውም ያውቃል፤ ማግኔቱ ነግሮታል። ከነዚህ አንዱ ሰው ገድሎ ቢሆን፣ ሌላ ሰበብ ይፈልግ ነበር እንጂ በዚህ ልጥፍ አያላክክም። ኦሪጅናል ነው ብሎ የሚያምነው አንድ ሰው ብቻ ነው። ብረቱን ነክቶት የማያውቅ፣ ወረቀቱን ብቻ ያነበበ።»

ሁሉም ወደ ሹሙ ዞሩ።

«እብደት ነው!» አለ። «እኔን ምን አገናኘኝ?»

«ልንገርህ ምን እንዳገናኘህ። የዚህች መኪና አሮጌ አካል ፋይበር ነበር፤ አንተ ግን ጉቦህን ከባለጋራዡ ተቀብለህ በኦሪጅናል ዋጋ አጸደቅከው። የፋይበር ስብርባሪ ግቢዬ ቢመለስ ‹ታዲያ ለምን የኦሪጅናል ተከፈለ?› ይባላል። ስለዚህ የተጣመመ ኦሪጅናል ብረት ከኔው ግቢ በጓሮ ታወጣለህ፣ በዚህ መኪና ስም ትመልሰዋለህ። ነገ ደግሞ በሌላ መኪና ስም። ሰኞ ያመጣህልኝ ፓራፋንጎ ላይ ሦስት ጭረት አለ። አራተኛውን ጫርኩበት። ባለጋራዡ ደግሞ አንተንም በላህ፤ ኦሪጅናል ገዛሁ ብሎ ፎርጅድ ገጠመ፣ ልዩነቱን ብቻውን ዋጠ። አልነገርከውም፣ አይደል?»

ባለጋራዡ አንገቱን ደፋ። «ቢያውቅ ድርሻ ይጠይቀኝ ነበር» አለ።

«ገማቹ ይህን ሁሉ ደረሰበት። ሰኞ ምሳ ሰዓት እዚህ የመጣው ጋራዡ ባዶ ሲሆን የተቆለለውን ብረት ጭረቶች ሊያይ ነው። ተከትለኸው መጣህ።»

«ቢሮዬ ነበርኩ! ቃሌን ሰጥቼ ፈርሜያለሁ!»

«ልጄ» አሉት እማማ ብረቴ፣ በካቴና ወደታሰረው ዞረው፣ «ሰኞ ለምሳ ስትወጡ ያ ብረት የት ነበር?»

«እዚህ፣ ግንቡ ሥር።»

«ስትመለሱስ?»

ቀና አለ። «አልነበረም። አላሰብኩትም... አልነበረም።»

«የትምህርት ቤቱ ደወል ሳይደወል እኔ ግቢ ነበር። በዚህ ሰውዬ መኪና። ምሳዬን እየበላሁ ነው ያራገፈብኝ። እንግዲህ ቢሮው ነበረ ወይስ እዚህ? ማንም ስላልጠየቀኝ ማንም አላወቀም።»

መርማሪው በጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር አምጥቶ መሬት ላይ ፈታው። ከመኪናዋ የፊት መከላከያ፣ ከባምፐሩ ውስጥ የሚቀመጠው ወፍራም ብረት ነው።

«ሃያ ሁለት ዓመት ብረት ስቀበል» አሉ እማማ ብረቴ፣ «ጭቃና ግሪስ ያልነካው ዕቃ ገብቶልኝ አያውቅም። ከዚያ ሁሉ ቁልል ይሄ አንዱ ብቻ በቀለም ማቅጠኛ ቲነር ታጥቦ መጣ። ለምን ይታጠባል? ማን ሊያገባው ነው?»

«ከቡሎኑ ቀዳዳ ውስጥ ፀጉርና የደረቀ ደም አግኝተናል» አለ መርማሪው በዝግታ። «ናሙናውን ላቦራቶሪ ልከናል። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ለምን አልወረወረውም?»

«አይችልማ!» አሉ እማማ ብረቴ። «ዝርዝሩ ላይ ተጽፏል። አንድ ብረት ከጎደለ መዝገቡ አይዘጋም፤ ካልተዘጋ ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ከመጣ ያለፈው ሁሉ ይመዘዛል። ሰው ገድሎ ዝርዝር ሲያሟላ ዋለ! ጅብ ቸኩሎ ቀንድ ነከሰ።»

«ፊደል የማትለይ ሴት ቃል...» ብሎ ጀመረ ሹሙ። አልጨረሰውም። ጎማው ላይ ተቀመጠ። «ጠዋት ሪፖርቱን አሳየኝ» አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለመሬቱ። «አለቃዬ ነህና አስቀድሜ ላሳይህ ብዬ ነው አለኝ። ምሳ ሰዓት እዚህ ድረስ ተከትዬ ለመንኩት። ልጆች አሉኝ አልኩት። ‹ጎንበስ በልና ራስህ እይ፣ ውስጡ ሌላ ነው› ብሎ ጎንበስ አለ... እኔ ምን እንደሚለኝ አላየሁም። ብረቱ እጄ አጠገብ ነበር።»

ሟች ኮፈኑ ፎርጅድ መሆኑን ሊያሳየው ጎንበስ ባለበት ነው የመታው። ሹሙ ጎንበስ ብሎ አይቶ ቢሆን ኖሮ በዚያ ኮፈን ባላመካኘ።

ሹሙንና ባለጋራዡን ወሰዷቸው። መርማሪው የልጁን ካቴና በራሱ እጅ ፈታ፤ ወደ እማማ ብረቴም ዞሮ ባርኔጣውን አወለቀ። እሳቸው ግን ወደ ልጃቸው ዞረው ነበር።

ልጃቸው እያለቀሰ ሮጦ መጣ፣ እግራቸው ላይ ሊወድቅ። በሁለት እጃቸው ደረቱን ይዘው አቆሙት። ግን አላቀፉትም።

«እማዬ፣ ወደ ቤት እንሂድ።»

«አንሄድም።»

«ምን ሆንሽ?»

«ፎርጅድ መሆኑን ታውቅ ነበር። ለማጅ ልጅ የምትነዳው መኪና ላይ ገጥመህ ዝም አልክ። ሰውየው አልገጠመም ብሎ እውነቱን ሲነግርህ ረገምከው እንጂ ‹አዎ፣ ሐሰት ነው› አላልከውም። እሑድ ያን አንድ ቃል ብትተነፍስ፣ ሰኞ ብቻውን እዚህ ምን ሊያደርግ ይመጣ ነበር? ካቴና አስገብተውህ እንኳ ለባለጋራዡ ስትል አፍህን ዘጋህ። አንተን ከገመድ ያወጣሁህ ወልጄህ ነው። ንጹሕ ነህ ብዬ አይደለም።»

ልጁ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ከፊቱ ላይ እጁን አወረዱት።

«የሟች ሚስት ከዚህ ሁለት መንገድ ማዶ ናት። ባሏን የረገመው ሰው ገዳዩ ነው ብላ ተቀምጣለች። እኔ አልነግርልህም። በሩን ራስህ ታንኳኳለህ፣ ቆመህ ያወቅከውንና የደበቅከውን አንድ በአንድ ትነግራታለህ፤ ብትተፋብህም ፊትህን አታዞርም። በል፣ ቅደም!»